የእትዬ ዘምዘም ፍሪጅና የጋለው ግድግዳ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ሥራ ያለበትም ትንሽ ይታገሠኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ እትዬ ዘምዘም የሚባሉ ትዕግሥታቸው የሚያስቀና ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ኢብሳ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። አንድ የግንቦት ቀትር ፍሪጁ አላቀዘቅዝ አለ። እትዬ ዘምዘም ጀርባውን ቢነኩት ይፋጃል። የተጠጋበትን ግድግዳ ቢነኩት እሱም ይፋጃል፤ ከውጭ ፀሐይ ትመታዋለች።

«የታመመው ግድግዳው ነው እንጂ ፍሪጁ አይደለም» አሉ። ሶኬቱን ነቀሉ። ኢንሱሊኑን በላስቲክ ቋጥረው፣ እርጥብ ጨርቅ በለበሰ ማሰሮ ውስጥ አኖሩት። ማሰሮው ግን ለጊዜው እንጂ ለሁልጊዜ አይሆንም። ስለዚህ ጥላ ፍለጋ ወጡ።

መጀመሪያ ወደ ቲማቲም ሻጩ ጎረቤታቸው ወደ በክሪ ሄዱ።

«በክሪ፣ ሸራህን አውሰኝ። ሸራ ከሌለ ግድግዳው አይበርድ፣ ግድግዳው ካልበረደ ፍሪጁ አያቀዘቅዝ።»

«ጃንጥላዬ ተቀደደ እትዬ። ሸራውን ብሰጥዎ ቲማቲሜ እዚሁ ይቀቀላል!»

ጃንጥላውን ተሸክመው ልብስ ሰፊው ወርዶፋ ዘንድ ደረሱ።

«ወርዶፋ፣ ይችን ስፋልኝ። ጃንጥላው ካልተሰፋ በክሪ ሸራ አይሰጥ፣ ሸራ ከሌለ ግድግዳው አይበርድ፣ ግድግዳው ካልበረደ ፍሪጁ አያቀዘቅዝ።»

«በምኔ ልስፋው? ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ የስፌት መኪናዬ ሞተር ተቃጠለ ተቃጠለ ይሸታል። ወደ ውስጥ እንዳላስገባው ቤቱን የሽንኩርት ጆንያ ሞልቶታል። ባለባጃጁ ነጂብ መጥቼ አነሣዋለሁ ብሎ ቀረ።»

ነጂብ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ አልበራ ያለ ስልክ ይነካካል።

«ነጂብ ልጄ፣ ጆንያውን አንሣ። ጆንያው ካልተነሣ መኪናው አይገባ፣ መኪናው ካልገባ ጃንጥላው አይሰፋ፣ ጃንጥላው ካልተሰፋ በክሪ ሸራ አይሰጥ፣ ሸራ ከሌለ ግድግዳው አይበርድ፣ ግድግዳው ካልበረደ ፍሪጁ አያቀዘቅዝ።»

«እትዬ፣ ሚስቴ ሐረር እናቷ ጋ ምጥ ላይ ናት! ስልኩን የባጃጁ መስታወት ሥር ቻርጅ ላይ ትቼው ግሎ ጠፋ። ሲደውሉልኝ በምን ልሰማ ነው? በረዶ ውስጥ ልክተተው?» አለ፤ እንባው መጥቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን «የእኔስ ነገር?» ይል ነበር። እትዬ ዘምዘም ግን የራሳቸውን ጉዳይ እዚያው ተዉት።

«ተው ልጄ፤ የጋለ ነገር በረዶ ሲነካው ውስጡ ያልበዋል። ስጠኝ።»

ከቻርጁ ነቀሉት፣ ሽፋኑን ገፈፉለት፣ የዛፍ ጥላ ሥር አኑረው በሻርፓቸው ጫፍ አራገቡለት። ነጂብ ቢቁነጠነጥም እሳቸው አልቸኮሉም።

«በል፣ አሁን ክፈተው።»

ስልኩ በራ። ብዙም ሳይቆይ ጠራ። ነጂብ ሰማ፣ ከዚያም የእትዬን እጅ ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

«ወንድ ነው! እናቱም ደህና ናት!»

«እልልል!» አሉ እትዬ ዘምዘም፤ መንደሩ ሁሉ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ማን ይቆማል? ነጂብ ጆንያውን አነሣ፣ ጆንያው ሲነሣ መኪናው ገባ፣ መኪናው በርዶ ጃንጥላው ተሰፋ፣ ጃንጥላው ሲሰፋ በክሪ ሸራውን ሰጠ፣ ሸራው ሲወጠር ግድግዳው በረደ። እትዬ የፍሪጁን ጀርባ ከአቧራ ጠረጉ፣ ከግድግዳው ስንዝር ያህል አራቁትና ሰኩት። ፍሪጁም ማቀዝቀዝ ጀመረ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አቶ ኢብሳ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ከፍሪጁ አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት።

«ቀዝቅዟል» አሉ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ፤ የእትዬ ፊት በሙቀት ቀልቷል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል። አቶ ኢብሳ ከወንበራቸው ተነሡ። «ነዪ፣ ዘምዘሜ፤ አንቺም እኮ ግለሻል። እዚህ አረፍ በይና እኔ ላራግብልሽ» አሏቸው።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በቀዝቃዛ ውኃ አርሱ።