ባላንጣ የፈተነው እርምጃ

አዲስ የተሾመ ዳኛ የቀድሞ መምህሩ ዘንድ ሄዶ፣ «የኔታ፣ ፍርዴ የጸና መሆኑን ገና ሳልናገረው በምን ልወቅ?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩም እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ የሰንጠረዥ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበረ። በአገሩ ከጥንት የቀረ አንድ ከባድ የሰንጠረዥ እንቆቅልሽ ነበር። ነጩ ንጉሥ ጥግ ይዟል፤ ጥቁሩ ቀድሞ ይጫወታል፤ በሰባት እርምጃ ነጩን ንጉሥ መውጫ ማሳጣት አለበት። ብዙ ሊቃውንት ሞክረው ትተውታል። የአገሩ ገዥም፣ «ይህን የፈታ የልጆቼ መምህር ይሁን፤ ፈታሁ ብሎ በጉባኤ ፊት የተረታ ግን ዳግመኛ ሰንጠረዥ አይንካ» ብሎ አስነገረ።

ሰውየው ሦስት ክረምት እንቆቅልሹ ላይ ተቀመጠ። አንዱን መንገድ እስከ መጨረሻው ይሄድበታል፤ ሲዘጋበት ወደ መነሻው ተመልሶ ሌላውን ይይዛል። በኋላ ፈረሱን በገዛ እጁ አስበልቶ ንጉሡን የሚያስይዝ መንገድ አገኘ። ወዳጆቹ በነጩ በኩል ሆነው ሞከሩት፤ ተረቱና አደነቁት። የጉባኤው ቀን ተቆረጠ።

ሰውየውን ግን አንድ ነገር ከነከነው። ወዳጆቹ ነጩን ይዘው ሲጫወቱ እሱ እንዲያሸንፍ ይመኙ ነበር። እሱ ራሱም ለነጩ ሲያስብ ልቡ ከጥቁሩ ጋር ነበር።

በዚያው ከተማ ጓንጉል የሚባል ባላንጣ ነበረው። ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ሰውየው እግሩ እየከበደው ሄደና ገበታውን እንደታቀፈ የጓንጉልን በር አንኳኳ።

«ምን ፈልገህ መጣህ?» አለው ጓንጉል።

«ነጩን ያዝልኝ። እንዳትራራልኝ።»

«መቼ ራርቼልህ አውቃለሁ?» አለና ተቀመጠ።

ፈረሱ በቀረበለት ጊዜ ጓንጉል አልበላውም። ብዙ አስቦ ንጉሡን አንድ ቤት ፈቀቅ አደረገው። የሦስት ክረምት ድካም በዚያች እርምጃ ተናደ። የሰውየው ፊት ጠቆረ፤ ግን አልተነሣም። ንጉሡ ያመለጠባትን ቤት አተኩሮ አያት። ማምለጫው እሷ ከሆነች፣ አስቀድሞ እሷን መዝጋት፣ ፈረሱን ከዚያ ወዲያ መስጠት ነው። እንደገና ደረደሩ። ጓንጉል ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መውጫ ሲፈልግ ዋለ። በመጨረሻ እጁን ከገበታው አነሣ።

«አጣሁ» አለ። «አንተን ለመርታት ያልፈለግሁበት ቦታ የለም።»

በጉባኤው ቀን ገዥው፣ «ብትረታ የሚደርስብህን ታውቃለህ። እርግጠኛ ነህ?» አለው።

«ጌታዬ፣ ወዳጅ ምስክር አልጠራም። ጓንጉልን ይጠይቁልኝ።»

በጉባኤው የተቀመጡት መኳንንት የሁለቱን ጠብ ያውቁ ነበርና ሳቁ። ጓንጉል ግን ተነሥቶ፣ «ልጥለው ፈልጌ ቀዳዳ አጣሁበት፤ መንገዱ የጸና ነው» አለ። ሰውየውም ነጩን ከያዙት የጉባኤው ሊቃውንት ጋር ሳያመነታ ተጫወተ። በሰባተኛው እርምጃ ንጉሡ መውጫ አጣ፤ ገዥውም ቃሉን ፈጸመለት።

መምህሩ ወደ ዳኛው ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ያንተም ነገር እንደዚሁ ነው። ፍርድህን የሚያደንቁልህ ወዳጆችህ፣ የገዛ ልብህም ጭምር፣ ነጩን አጥብቀው አይዙልህም። ስለዚህ ከመፍረድህ በፊት በፍርድህ የሚረታውን ሰው አስቀርብና በሙሉ አፉ ይሞግትህ። ቀዳዳ ካገኘ አትቀየመው፤ ከስሕተት ያወጣህ እሱ ነው፤ ቀዳዳዋን ድፈን። ካጣ ግን ወንበርህ ላይ ቀና ብለህ ተቀመጥና ሳትፈራ ፍረድ።»