ግማሿ ያለፈች በቅሎ

በድሮ ዘመን፣ መንገዱ ሁሉ የሰኮና በነበረበት ጊዜ፣ እንግዳው የሚባል ጨው ነጋዴ ነበረ። እግሩ ቀልጣፋ፣ ምላሱ ከእግሩ የቀለጠፈ። ያለችው ሀብት አንዲት በቅሎ ናት፤ ስሟ ሸጋ።

እዚያው አገር፣ አራት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ፣ ባላምባራስ ጥጋቡ የሚባል የመንገድ ዘበኛ ነበረ። ሆዱ ትልቅ፣ ትዕግሥቱ ትንሽ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ቀይ ጨርቅ በረጅም እንጨት ማውጣትና ማውረድ! ጨርቁ ሲወጣ ፈረሱ ይቆማል፣ በቅሎው ይቆማል፣ አህያው ይቆማል። ሲወርድ ሁሉም ያልፋል። የንጉሥ አዋጅ ነዋ!

አንድ ቀን እንግዳው ሸጋን እየነዳ መጣ። ጨርቁ ወርዷል። ገባ። ሸጋ መሃል ላይ ስትደርስ፣ ባላምባራስ ብድግ አድርጎ ጨርቁን አወጣው።

«ቁም አንተ! ጨርቅ ጥሰሃል!»

«ኧረ ባላምባራስ! ስገባ የት ነበረ ጨርቁ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ጨርቁ የኔ፣ እንጨቱ የኔ!»

ይህን ብሎ የሸጋን ቃጭል ከአንገቷ ፈታና ጉያው ከተተው። ቃጭል የሌላት በቅሎ ደግሞ በንጉሥ መንገድ አትሄድም።

«ስማ» አለው። «ድንጋይ ተሸክመህ እግሬ ሥር ትወድቅና ሦስት ጊዜ ‹አጥፍቻለሁ› ትላለህ፤ ቃጭልህን እመልሳለሁ። እምቢ ካልክ ንጉሡ ችሎት እንሄዳለን። እዚያ ከተረታህ ግን በቅሎህን ደህና ሁኚ በላት፤ ለቤተ መንግሥት በረት ነች።»

እንግዳው ጭንቅ ያዘው። ጎረቤቱን ጠየቀ። «ተሸከም ወንድሜ፣ ጫንቃ ለምን ተፈጠረ?» አለው ጎረቤቱ።

ከዚህ በፊት ችሎት የቀረበ አንድ ነጋዴንም ጠየቀ። «እኔም እውነቴን ይዤ ሄጄ ነበር» አለው ነጋዴው። «ንጉሡን ሳይ እውነቱ ከአፌ ጠፋ። ይኸው በቅሎዬ ተወስዳ ጨው በጀርባዬ እሸከማለሁ።»

ሚስቱን ስንዱን ጠየቀ።

«ጥሰሃል?» አለችው።

«አልጣስኩም።»

«ማልልኝ።»

«ስንዱ ትሙት!»

«እንግዲያማ ድንጋዩን ትችለዋለህ። ‹አጥፍቻለሁ› የሚለውን ግን በየትኛው ጉሮሮህ ታወጣዋለህ?»

በቃ፣ ቆረጠ። በማግስቱ የእንግዳውና የባላምባራስ የኩታ ጫፍ አንድ ላይ ተቋጠረ። ያኔ ባለጋራዎች ችሎት የሚሄዱት እንደዚህ ተቆራኝተው ነበር፤ አንዱ እንዳያመልጥ። ዳገቱ ላይ ባላምባራስ አለከለከ።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ፍየል!»

«ጨርቅ ያውጡና ልቁምልዎት!»

ልጆች፣ ያንን ችሎት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ነጋሪቱ አንዴ ተመታ፤ ወፎቹ ዝም አሉ። ሁለተኛ ተመታ፤ ሰዉ ዝም አለ። ሦስተኛ ተመታ፤ ነፋሱ ራሱ ዝም ያለ መሰለ። ንጉሡም ወጡ። ያ ሁሉ ሕዝብ ጎንበስ ሲል አንድ ትልቅ የስንዴ ማሳ የተኛ ይመስል ነበር። ምላሰ ቀልጣፋው እንግዳው ምላሱ ደረቀ።

ባላምባራስ ማለ፦ «ንጉሥ ይሙት! ጨርቁ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ነው የገባው!»

«አንተስ ምስክር አለህ?» አሉ ንጉሡ።

«በቅሎዬ ብቻ ናት፣ ጃንሆይ።»

ሰዉ ሳቀ። ንጉሡ ፍርዱን ከመማክርታቸው ጋር ሊያስቡበት ተነሡና ወደ እልፍኙ በር ሄዱ። እንግዳው አያቸው። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ። በዚያ በር ከገቡ ሸጋም አብራ ሄደች!

«በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ።

ይህን ቃል የሰማ ሰው በሕጉ በቆመበት ይቆማል። ግን ለንጉሥ ማን ብሎት ያውቃል? ዘበኞቹ ሰይፍ መዘዙ።

ንጉሡ ቆሙ!

አንድ እግራቸው ከበሩ ደፍ ወዲያ፣ አንድ እግራቸው ከደፉ ወዲህ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ! ያ ሁሉ ዘውድ፣ ያ ሁሉ ጦር፣ በአንድ ጨው ነጋዴ ቃል ቆመ።

«ቆሜያለሁ፤ ተናገር» አሉ።

«ጃንሆይ፣ እግርዎን ይዩልኝ። ቃሌ ሲደርስዎ አንዱ አልፏል። ታዲያ ሕግ ጥሰዋል?»

«እንዴት እጥሳለሁ? ከቃልህ በፊት ነው ያለፈው።»

«የሸጋም የፊት እግሮች እንደዚያው ናቸው።»

ባላምባራስ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «የፊቶቹ ቢያልፉስ? ጨርቁን ሳወጣ የኋላዎቹ መቼ አለፉና!» ብሎ ጮኸ።

ባላምባራስ አፉን በእጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ ወጥቷል።

«ጨርቁ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ገባ ብለህ በእኔ ስም አልማልክም?» አሉ ንጉሡ፣ እግራቸውን ሳያነሡ።

ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ። ቃጭሉ ወደ ሸጋ አንገት ተመለሰ። ባላምባራስ ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ ሦስት ጊዜ «አጥፍቻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ቀይ ጨርቅ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ቃጭል እንዲደወል ታወጀ፤ መሃል የገባ ጨርሶ እንዲወጣ።

እና ልጆች፣ ካጠፋችሁ ድንጋዩን ተሸከሙ፤ አያሳፍርም። ካላጠፋችሁ ግን ለማንም ብላችሁ አጥፍቻለሁ አትበሉ። ሕግ ማለት በቅሎም ንጉሥም የሚያቆም ነው።

በሉ፣ ተረቴ ላይ ቀይ ጨርቅ ወጣ፤ እኔም ቆምኩ።