ገመቹ እንዳይስቅብኝ ብሎ

አንድ ሰው ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጧል። አገጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል፤ አስተካካዩ ምላጭ ሊቀይር ዞር ብሏል። በዚህ መሃል ስልኩ ነዘረ። አውጥቶ አየው። «ቲቸር፣ እንደምን አደሩ? አክሲዮኔን ልሽጥ ወይስ ልያዝ? ዛሬ ለገዢው መልስ መስጠት አለብኝ፤ እርስዎ ያሉኝን ነው የማደርገው» ይላል።

ምን ብሎ መለሰ? «አይዞሽ፣ ያዢ» ብሎ ጻፈ። ስልኩን ኪሱ ከተተና አገጩን ለምላጩ ቀና አደረገ።

ታዲያ ምን ክፋት አለው ትሉኛላችሁ። ልንገራችኋ! ይህ ሰው የራሱን አክሲዮን ከሸጠ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ፈርሞ፣ ብሩን ተቀብሎ ጨርሷል። በስሙ አንዲት አክሲዮን የለችም። እሷን ግን «ያዢ» አላት።

ቆይ፣ ቶሎ አትፍረዱበት። እኔም መጀመሪያ ስሰማ «ይሄማ ሌባ ነው» ብዬ ነበር። ሌባ አይደለም። ሌባ ቢሆን ኖሮ እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ አልነግራችሁም ነበር፤ እናንተ መካከል ሌባ የለማ! እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

ስሙ ምትኩ ነው። አዳማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ከተማው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚለው። ጎበዝ አስተማሪ ነበር፤ አንዲት ጠባይ ግን ነበረችው። ሰሌዳ ላይ ሲሳሳትና አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እዚያ ጋ መቀነስ ነበረበት» ሲለው፣ «ጎበዝ! ሆን ብዬ ነው፤ መንቃታችሁን ላይ ብዬ ነው» ይላል። ትስቃላችሁ አይደል? ያስተማሯችሁን ሁሉ አስታወሳችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ ሁሌ ሆን ብሎ ነው።

እንግዲህ ቲቸር ጡረታ እንደወጣ ከቁጠባው ላይ አክሲዮን ገዛ። ሰው ስልኩን አውጥቶ በኢንተርኔት የሚከፍልበት፣ የሱቁንም የፋርማሲውንም ሒሳብ የሚያቀባብል ኩባንያ አለ፤ የዚያን አክሲዮን ነው የገዛው። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ግማሻችሁ አሁኑኑ ስልካችሁን ልታወጡ ነው።

አዳማ ያሉት ባለአክሲዮኖች የቴሌግራም ግሩፕ ነበራቸው። አንዱ ይሸጥ ይላል፣ አንዱ ይጨመር ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ክርክር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቲቸር «ትርፍ ይከፋፈላል» አለ፤ እውነትም ተከፋፈለ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! «ቲቸር ምን አሉ?» ሳይባል የሚወሰን ነገር ጠፋ።

በሁለተኛው ዓመት ግሩፑ ውስጥ ያለ ገመቹ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ወገን፣ እኔ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። ነዳጅ ማደያዎቹ በዚህ ኩባንያ ክፍያ መቀበል ትተዋል። ሲስተም የለም ነው የሚሉኝ። እኔ ልሸጥ ነው፤ እናንተም አስቡበት።»

ቲቸር ምን ብሎ መለሰለት መሰላችሁ? «ወንድሜ ገመቹ፣ አንተ መሪህን ያዝ፤ ቁጥሩን ለእኛ ተወው።»

ኡፍ! ሰው ሳቀ። የሳቅ ምስል ተደረደረ፤ ስድሳ ሰው። ገመቹም «እሺ ቲቸር» ብሎ ጻፈ። ቲቸር ያን ቀን ማታ እራቱን በደስታ በላ።

ግን እኮ ገመቹ ልክ ነበር።

ወር አልሞላም፤ ቲቸር ለሚስቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዛ ፋርማሲ ገባ። ስልኩን አወጣ። መድኃኒት ሻጯ ልጅ «በእሱ አንቀበልም አባቴ፣ ሦስት ወር ሆነን» አለችው። ቤቱ ገብቶ የኩባንያውን ሪፖርት ዘረጋ። ያን ቀን እንደ ባለሙያ አነበበው፤ ከዚያ በፊት እንደ ወዳጅ ነበር የሚያነበው። ያመጣው ውጤት አስደነገጠው። ገንዘቡ እያለቀ ነው። ሹፌሩ በመስኮት ያየውን እሱ በመነጽር ሳያየው ቀርቷል።

በጥቅምት አንድ ደላላ ገዢ አመጣለትና ሸጠ። መሸጡ ኃጢአት ነው አላልኩም! ሰው የራሱን ንብረት ይሸጣል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለምን አልተናገረም? ተናግሮ ምን ያጣ ነበር? ብሩን ተቀብሏል። «ወገኖች፣ ተሳስቻለሁ፤ ገመቹ ልክ ነበር» ብሎ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አንድ ሌሊት ጽፎት ነበር እኮ! ጻፈው፣ አየው፣ ስድሳው ሰው ሲስቅ ታየው። አጠፋው።

አሁን ወደዚያች ጠያቂ እንምጣ። ዘውድነሽ ትባላለች፤ መጋረጃ ነጋዴ ናት። አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ ልጆቿንም ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው። የሱቁ ባለቤት ሱቋን ሊሸጥ ሲነሳ «ቅድሚያ ላንቺ» አላት። የሰበሰበችው ላይ የአክሲዮኗ ብር ቢጨመር ሱቋ የራሷ ትሆናለች። ለአክሲዮኗም ገዢ መጥቶላታል። የቀራት የቲቸር ቃል ብቻ ነው።

«ያዢ» ሲላት ልቧ አላረፈም። ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«ቲቸር፣ አስቸገርኩዎ። ሱቁ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም ብዬ ነው። እርስዎ የራስዎን ይዘውታል አይደል?»

በግልጽ ጠየቀችው! እግዚአብሔር አንዳንዴ በሩን እንዲህ ወለል አድርጎ ይከፍትልናል። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«እኔማ ወዴት እሄዳለሁ» አላት፤ ሳቅም ጨመረበት።

«እንግዲያስ ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። ሱቁ በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ።

ቲቸር ከዚያ በኋላ ሰላም አልነበረውም። ጸሎት ቤት ይመጣል፣ የፊት ወንበር ላይ ይንበረከካል፣ ያለቅሳል። «ጌታ ሆይ፣ በደሌን ታውቃለህ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጌታ ያውቃል። ዘውድነሽ ግን ሦስት ረድፍ ከኋላው ተቀምጣ «እኚህ ሰው እንዴት ያሉ የጸሎት ሰው ናቸው!» ትላለች።

በታኅሣሥ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ተጠራ። ግሩፑ «ቲቸር ይጠይቁልን፣ ቦርዱን እርስዎ ያፋጥጡልን» አለ። አሞኛል ማለት ይችል ነበር፤ ግን ወንበሩ ጣፈጠው። ደግሞ አንድ ነገር ተማምኗል። «የእኛን አገር ቢሮ አውቀዋለሁ። የእኔ ሽያጭ መዝገብ ላይ እስኪወጣ ዓመት ይፈጃል፤ ስሜ እስካሁን እዚያው ነው» አለ በልቡ። በቢሮ ቀርፋፋነት ተማምኖ የሚዋሽ ሰው አይታችኋል? እኛ ነን!

ጉዞው በገመቹ ሚኒባስ ሆነ። ገመቹ እንደዛተው አልሸጠም ነበር፤ ቲቸር ያሉትን ሰምቶ ተወው። ጋቢናውን ለቲቸር ጠርጎ አስቀመጠው፤ መንገዱን ሙሉ «ቲቸር ይመችዎታል? መስኮቱን ልዝጋው?» እያለ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንዲት ልጅ መዝገብ ይዛ ተቀምጣለች። ሰው ስሙን ይናገራል፣ ልጅቷ መዝገቡ ላይ ትፈልጋለች፣ ታስፈርመዋለች፣ ይገባል። ቲቸር ከፊት ቆመ፤ ከኋላው ዘውድነሽ፣ ከእሷ ኋላ ገመቹ።

«ምትኩ ሀብተየስ» አለ ድምፁን ሞላ አድርጎ።

ልጅቷ ፈለገች። ገለጠች። «ስምዎ የለም አባቴ» አለች።

«እንዴት አይኖርም? ደህና አድርገሽ ፈልጊ እንጂ!»

በአገሩ አንድ ቢሮ ሥራውን በሰዓቱ ሠርቶ ተገኘ። ልጅቷ እየተሳቀቀች «በጥቅምት አስተላልፈዋል እኮ፤ ዝውውሩ እዚህ ሰፍሯል» አለች።

ይኼኔ ዘውድነሽ ጣልቃ ገባች። «የኔ እህት፣ ተሳስተሽ ነው። እሳቸው አይሸጡም። ቢሸጡማ ይነግሩን ነበር!» አለች። ሌላውም ተቀበላት። «የማታውቂ ከሆነ ለምን ተቀመጥሽ? ትልቅ ሰው ታዋርጃለሽ?» ተባለ። አለቃዋ መጣ፤ እሱም ተቆጣት። የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ።

ቲቸርስ? አንዲት ምስኪን ስለ እሱ ስትሰደብ ቆሞ ያያል። የበደሉን ዋጋ ሌላ ሰው ሲከፍልለት ዝም ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚያሳዝን አስቡት። እስቲ ጎናችሁ ያለውን በክርን አትጎሽሙ፤ ስለ ራሳችሁ አስቡ!

ልጅቷ መዝገቡን ከፍታ እንደገና ከላይ ጀምሮ በጣቷ መፈለግ ጀመረች። ያን ጊዜ ቲቸር «ሸጫለሁ» አለ።

ማንም አልሰማውም፤ ጫጫታ ነበር። ደግሞ ማለት ነበረበት። «ልጅቷን ተዉአት። ሸጫለሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዘውድነሽ ፊቱን አየችው።

«መቼ ቲቸር?»

«በጥቅምት።»

«እኔ ከደወልኩ በኋላ?»

«አይ። ከዚያ በፊት።»

አልጮኸችም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ሱቄ ሄደ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ምን አድርጌዎት ነው? እኔ እኮ ምንም አልበደልኩዎትም።»

«አፍሬ ነው» አለ።

«ከማን?»

ቲቸር አንገቱን ደፍቶ «ከገመቹ» አለ። «ይስቅብኛል ብዬ።»

ገመቹ ኋላ ቆሞ ሰምቷል። የሚኒባሱን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ግራ ገብቶት ሁለቱንም ያያል። «ቲቸር» አለ፣ «እኔ እኮ ብስቅ አንድ ቀን ብስቅ ነው። በማግሥቱ እረሳው ነበር።»

አያችሁ ወገኖቼ? አንድ ቀን! የአንድ ሹፌር የአንድ ቀን ሳቅ! የዚያች ሴት የአሥራ አራት ዓመት ሱቅ የተሸጠው በዚህ ነው። ሳቁ ደግሞ ያልተሳቀ ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቦርዱ ኪሳራውን ተናገረ፤ ያን አክሲዮን ዛሬ የሚጠይቀው ሰው የለም። ዘውድነሽ መጋረጃዋን አስፋልት ዳር በሸራ ሥር ትሸጣለች። ቲቸር ያን አስፋልት ሸሽቶ በሌላ መንገድ ይዞራል። በኋላ ታረቁ ወይ ትሉኛላችሁ። አላውቅም። ደስ የሚል ነገር ጨምሬ ብነግራችሁ ሁላችሁም ቀሎአችሁ ትሄዱ ነበር፤ እንዲቀላችሁ አልፈልግም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ከማን ነው የምታፍሩት? ስሙን በልባችሁ ጥሩት። በእሱ ፊት አንሼ እንዳልታይ ብላችሁ የደበቃችሁት ነገር ማንን እየጎዳ ነው? እናንተ አባቶች፣ ልጃችሁ ፊት «ተሳስቻለሁ» ላለማለት ስንት ዓመት ተቆጣችሁ? እናንተ አለቆች፣ በእናንተ ስህተት የተነቀፈች ጸሐፊ የለችም? እኛ ሰባኪዎችስ! ከዚህ መድረክ ላይ የተናገርነውን ስህተት በሚቀጥለው እሑድ መልሰን ያረምን ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ ይህን ስል ጆሮዬ እየጋለ ነው።

እግዚአብሔር ፊት ማልቀስ ቀላል ነው፤ እሱ እኮ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ አይደነግጥም፣ አይስቅም። ስለዚህ እዚህ እንመጣና እናለቅሳለን፣ ቀሎን እንሄዳለን። ያልቀለላት ሴት ግን ሦስት ረድፍ ከኋላችን ተቀምጣ ለእኛ ትጸልያለች።

ዛሬ ማጠቃለያ ጸሎት አላደርግም። አትደንግጡ፣ ረስቼ አይደለም። አንዳንዶቻችሁ የምታናግሩት ሰው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከኋላችሁ ነው። ተነሡና ዞር በሉ።