የተዘቀዘቀው የፊደል ገበታ

አንድ ጊዜ አያ አንበሶ የዱሩ አውሬ ሁሉ ፊደል ይቁጠር ብሎ ዐዋጅ አስነገረ። እሱ ራሱ ፊደል አይለይም፤ ግን ንጉሥን ማን ደፍሮ ይፈትነዋል? ለአስተማሪነት ቀበሮ ተሾመ። በዐዋጁ መጨረሻ ላይም «ፈተናውን ያለፈ ሹመት ያገኛል፤ የወደቀ ዕድሜ ልኩን ጭነት ይሸከማል» የሚል ነበረበት።

ይህን ሰምታ እንቅልፍ ያጣችው እመት አህዩት ብቻ ነበረች። ጀርባዋ ገጣባ ነው፤ ጭነት ምን እንደሆነ የሚያስረዳት አላስፈለጋትም።

ትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ነው። ፊደሉ የተጻፈው በሰፊ የበሬ ቆዳ ላይ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ተሸክሞ የሚያመጣውና የሚሰቅለው የክፍሉ አለቃ አያ ጅቦ ነበር። ቆዳ ለጅብ አደራ የሚሰጥ አስተማሪ ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ጅቦ በዘንግ ይጠቁማል፤ ክፍሉ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ ይጮኻል። ጩኸቱ ወንዝ ማዶ ይሰማል። ቀበሮ ጥላው ላይ ጋደም ብሎ ጅራቱን ያበጥራል። ጩኸቱ ሲያልቅ አንድ ዓይኑን ይከፍታል።

«ያልገባው አለ?»

«የለም» ይላል ክፍሉ ባንድ አፍ።

ከዕለታት አንድ ቀን አህያ ሰኮናዋን አነሣች።

«መምህር፣ እኔ አልገባኝም። ያቺ ከታች ያለችው፣ እግሯ የተጣመመው፣ ማን ናት?»

ቀበሮ ያቺን ፊደል ከጓደኞቿ ተነጥላ አግኝቷት አያውቅም። ወደ ጅቦ ዞረ።

«አለቃ፣ ንገራት እስቲ።»

«ከመጀመሪያው ካልተነሣሁ እንዴት እደርስባታለሁ?» አለ ጅቦ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ግን በአህያ ነው።

«የሰው ጊዜ ትበያለሽ» አለ ቀበሮ። «ሂጂ ከኋላ ተንበርከኪ። አፍሽንም ዝጊ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አህያ ስትንበረከክ ከረመች። አፏ ሲዘጋ ዓይኗ ሥራ አገኘ። ከሰዓት በኋላ ለአንበሶ ቤት ጨው ትጭናለች፤ ከረጢቱ ላይ ሁለት ፊደሎች አሉ። ከቀዳዳው የፈሰሰውን ላሰችና፣ ‹ይህ ጨው ከሆነ የመጀመሪያዋ ጨ መሆን አለባት› ብላ አሰበች። በማግስቱ ጠዋት ተንበርክካ ጨን ከገበታው ላይ ፈለገቻት፤ አገኘቻት። ሌላ ቀን የስንዴ ከረጢት መጣ፣ ከዚያ የባቄላ። እንዲህ እንዲህ እያለች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ተዋወቀቻቸው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጅቦ ገበታውን ተሸክሞ ሲመጣ መንገድ ላይ ራበውና የላይኛውን ማንጠልጠያ ጠፍር ቆረጣጥሞ በላው። ዋርካው ሥር ሲደርስ የላይኛውን ስላጣ ቆዳውን በታችኛው ጠፍር አንጠለጠለው። ፊደሎቹ ሁሉ እግራቸው ወደ ሰማይ ሆነ።

አንበሶ መጥቶ ተቀመጠ። ጅቦ ዘንጉን አነሣ፤ ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር ሳይሳሳት ዘለቀው። አንበሶ ጎፈሩን እየነሰነሰ «እንዲህ ነው እንጂ ትምህርት» አለ።

«ጌታዬ፣ ገበታው ተዘቅዝቋል» አለች አህያ ከኋላ።

አንበሶ ገበታውን በአንድ በኩል አየው፤ አንገቱን አዘንብሎ በሌላ በኩል አየው። በሁለቱም በኩል ለእሱ ያው ነበር።

ቀበሮ ጎንበስ አለ። «ጌታዬ እኮ ሲያዩት ቆይተዋል። ቢዘቀዘቅ ኖሮ ቀድመው የሚነግሩን እርስዎ አልነበሩም?»

አንበሶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴታ። አይቼዋለሁ። ቀጥ ያለ ነው።»

ክፍሉ አለፈ፤ አህያ ወደቀች። ቀበሮ የመምህራን ሁሉ የበላይ ሆነ። ጅቦ የምስክር ወረቀቱ አንገቱ ላይ ታሰረለትና የጭነት አለቃ ተባለ። የሚነዳት ጭነት ተሸካሚ ማን እንደሆነች አልነግራችሁም።

በማግስቱ ጅቦ አህያን ጨው አስጭኖ፣ ታፋዋን በዓይኑ እየለካ፣ ከኋላዋ ይነዳት ጀመር። መንገዱ አንድ እርሻ ዳር አደረሳቸው። ገበሬዎቹ እዚያ ለአውሬ ጉድጓድ ቆፍረው በቅጠል ሸፍነዋል፤ የገዛ ልጆቻቸው እንዳይሞቱባቸው ደግሞ አጠገቡ ሰሌዳ ተክለዋል። አህያ ቆመች።

«ምን ገተረሽ?» አለ ጅቦ።

«ሰሌዳ አለ። ‹ወጥመድ አለ› ይላል።»

«አንቺ? ትናንት አይደል እንዴ የወደቅሽው? ይህ አንገቴ ላይ ያለው ወረቀት የማን ነው?»

«ያንተ ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እንግዲያስ የማነበው እኔ ነኝ።»

አልፏት ሄደና ሰሌዳውን በዘንጉ ነካ አደረገው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ፣ በየፊደሉ አንድ እርምጃ እየተራመደ ጀመረ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ…» «ሄ» ላይ ሲደርስ መሬቱ ከዳው። «ህ» የገባችበት አልታወቀም። «ሆ» ግን ከጉድጓዱ ሥር ረጅም ሆና መጣች።

«እመት አህዩት» አለ ከታች፣ ድምፁ አንሶ፤ «ምን ነበር የሚለው?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ፣ አያ ጅቦ። የፈተና ወዳቂ ነኝ።»

ጎኗን ከሰሌዳው እንጨት ጋር አሻሽታ ከረጢቶቹን አራገፈች፤ የሚነዳት አልነበረምና በወደደችው መንገድ ሄደች። በቀበሮ መዝገብ ላይ ግን ጅቦ እስከ ዛሬ አንደኛ ነው።

ከዚህ የምንማረው ልጆቻችን ባንድ አፍ ጮኸው መለሱልን ብለን ከማጨብጨባችን በፊት፣ ቀና ብለን ገበታው በየት በኩል እንደተሰቀለ ማየት፣ ማየት ካቃተን ደግሞ ያየችውን ከኋላ አለማንበርከክ እንደሚገባን ነው።