የእጅ ባትሪውን ያዝልኝ

አንድ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ትምህርቱን በሩቅ አገር ጨርሶ ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። ቤታቸው ደሴ ነው፣ ዳገቱ ላይ። ገና ሻንጣውን ከማስቀመጡ እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ከሣጥን አውጥተው ጭኑ ላይ አኖሩለት። በመዳፍ የምትያዝ የቪዲዮ ካሜራ ነበረች፤ ከጎኗ ትንሽ ስክሪን ትከፈታለች። የወንድሙ የሸጋው ናት።

ሸጋው ሞቷል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። ሲቀበር ሰውየው ባሕር ማዶ ፈተና ላይ ነበር። ዘመድ ሁሉ ተማክሮ "ፈተናውን ሳይጨርስ አይረዳ" ብሎ ደበቀው። መርዶውን የሰማው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ወንድሙን አልቀበረም። ከእናቱ ጎን ተቀምጦ አላለቀሰም። እሱ ሲመጣ ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። ብቻውን የት ሄዶ ያልቅስ?

"ምስሉ ጨለመብኝ" አሉት እናቱ። "ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ ግን የለም። አንተ የተማርከው ይሄንኑ አይደል? አብራልኝ።"

ለምን እንደቸኮሉ ታውቃላችሁ? የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ዓይናቸው ከዳር ጀምሮ እየጨለመ፣ እየጠበበ ነው፤ የሄደውም አይመለስም። ጨርሶ ሳይዘጋ የልጃቸውን ሣቅ፣ ያንን የፊት ጥርሱን ፍንጭት ማየት ፈለጉ። ሌላ ነገር አልለመኑም።

ሰውየው ካሜራዋን ፈታታት። ምስሉ አልጠፋም። ከስክሪኑ ጀርባ ሆነው የሚያበሩለት፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ ኤልኢዲ የሚባሉ አምፖሎች ናቸው የተቃጠሉት። ወደ ቴሌቪዥንም ሆነ ወደ ኮምፒውተር የሚያገናኘው ቀዳዳ ደግሞ ቀድሞ ተሰብሯል። ሸጋው ያለው እዚያች ጨለማ መስኮት ውስጥ ብቻ ነው።

ወይዘሮ ዘርፌ የእጅ ባትሪ አምጥተው በስክሪኑ ላይ ወደ ጎን አዘንብለው አበሩ።

"ይኸው! ይኸው ልጄ! አለ!"

እውነትም አለ። ከውሃ ሥር እንዳለ ሰው ደብዝዞ፣ ጣራ ላይ ወጥቶ በረዶ የበሳውን ቆርቆሮ ይመታል፤ ዜማውን እያበላሸ ይዘፍናል።

"እጄ አልረጋ አለኝ፣ አባቴ። ባትሪውን ያዝልኝና ልየው። ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።"

"ቆይ እማዬ፣ እንዲህ ሆኖ ምን ይታያል? ዓይንሽንም ታደክሚዋለሽ። አሳምሬ አብርቼልሽ ታይዋለሽ።"

ባትሪውን ከእጃቸው ወስዶ አጠፋው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቁሙ። ይህ ሰው ክፉ ልጅ ነበር? አልነበረም። እናቱን ይወድ ነበር። ሥራውንም ያውቅ ነበር። እኛስ በክፋታችን ነው ብዙውን ነገር ያበላሸነው?

ፒያሳ ወርዶ አምፖሎቹን ገዛ። ከነበሩት ሁሉ ደማቁን መረጠ። ለክቶ፣ በጥንቃቄ በይዶ፣ አበራ። ስክሪኑ ቦግ አለ። ሮጦ ለእናቱ አሳያቸው።

እናትየው አፍንጫቸው እስኪነካ ድረስ አስጠግተው አዩ።

"ምነው ከንፈሩ ጠቆረ? አሞት ነበር እንዴ ያን ቀን?"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ብርሃኑ ደማቅ ነው፣ ግን ሰማያዊ የሚያጠላበት ቀዝቃዛ ነጭ ነው። በዚያ ብርሃን የሸጋው ፊት የተገነዘ ሰው ፊት ሆኗል። ሰውየው ወንድሙን ሲገነዝ አላየም። እናቱ ግን አይተዋል።

"ግድ የለም" አሉ እናቱ። "በዚሁ ልየው። ተወው፣ አትድከም።"

"አይሆንም!" ብሎ ነጠቃቸው። "እንዲህ ሆኖ አታይውም።"

አምፖሎቹን ነቅሎ ጣላቸው።

ከዚያ ወዲያ መምረጥ ጀመረ። መምረጥ ምን ያህል ሰፊ ዋሻ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደማቁ ይሞቃል፤ ቀጭኑን ስክሪን ያበላሸዋል። ደካማው ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። ቢጫ የሚያጠላበት ሞቅ ያለ ነጭ የሰውን ቆዳ ያሳምራል፤ ሲበዛ ደግሞ የወፍ በሽታ የያዘው ያስመስላል። አንዱን ያስገባል፣ በሸጋው ግንባር ላይ ያለውን ቀለም ያያል፣ ይነቅላል። ሌላውን ያስገባል፣ በሸጋው ጉንጭ ላይ ያለውን ጥላ ያያል፣ ይነቅላል። ደሴ ያለው አላረካውም። ከአዲስ አበባ አስመጣ። እሱም አላረካውም። ባሕር ማዶ ላለ ጓደኛው ጻፈና፣ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ጠበቀ።

እናቱ ግድግዳውን እየዳሰሱ እበሩ ላይ ይቆማሉ።

"ደረሰ?"

"ደርሷል እማዬ። ትንሽ ነው የቀረው።"

"እስከዚያው በባትሪው…"

"አሁን እኮ ተፈታቷል።"

ጎረቤታቸው አያ ይመር የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ምላሳቸው አያርፍም። አንድ ቀን በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው አዩት።

"አንተ ሰው፣ ፀሐይ ልትሠራ ነው እንዴ? እሷንም እግዜር በአንድ ቀን ነው የጨረሳት።"

"ለሙት ዓመቱ አደርሰዋለሁ፣ አያ ይመር። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ታየዋለች። አሁን ቢያሳዩዋት ሐዘኗን መቀስቀስ ነው።"

"ሐዘኗ መቼ ተኛና ነው የምትቀሰቅሰው?" አሉና ሄዱ።

አያችሁ? ምክንያትም አገኘ። ምክንያቱም አገሬው የሚቀበለው፣ ያማረ ምክንያት ነው። ለሐዘንተኛ ማሰብ ነው። ልቡ ግን ሌላ ነገር ያውቅ ነበር። አምፖሉ ሲያልቅ አጠገባቸው መቀመጥ ይመጣል። አምፖሉ ሲያልቅ ያን ፊት ከእናቱ ጋር ማየት ይመጣል። ያንን ፈራ።

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። አምፖሎቹም ደርሰው ነበር፤ ልክ የሚፈልጋቸው። ሲያበራቸው የሸጋው ፊት የከሰዓት ፀሐይ ያረፈበት መሰለ። ድንኳን ውስጥ፣ ዘመድ ጠበሉን ቀምሶ ተቀምጦ ሳለ፣ ካሜራዋን አወጣ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች።

"ቁርጥ እሱን!"

"ፍንጭቱን እዩልኝ!"

"ሊናገረኝ ነው እኮ የሚመስለው!"

በመጨረሻ ለእናቱ በእጃቸው አስያዛቸው። ወይዘሮ ዘርፌ በሁለት እጃቸው ተቀበሏት። የቆርቆሮው ድምፅ፣ የተበላሸው ዘፈን ይሰማል። ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፈገግ አሉ።

"አምሮበታል" አሉ። "እጅህን ይባርከው፣ ልጄ። አሁንስ ፊቱ ጠራ።"

አያ ይመር ያነሱትን ብርጭቆ መልሰው አስቀመጡ።

የበራው የስክሪኑ ፊት ወደ ሕዝቡ ነበር። እናትየው ያስጠጉት ጥቁር ጀርባውን ነው።

ዓይናቸው መቼ ጨለመ? ማንም አላወቀም። ልጁ እንዳይደነግጥ፣ ሥራውም ከንቱ እንዳይሆንበት ብለው ለማንም አልተነፈሱም። እሱ ብርሃን ሲመርጥ በከረመበት ጊዜ ዓይናቸው በዝምታ ተዘጋ።

ሰውየው ስክሪኑን አላዞረላቸውም። ቢያዞረውስ? ሄዶ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። እጃቸውን ያዘ። ከአያያዙ አወቁበት፤ ዓይናቸው መጥፋቱን እንደተረዳ ገባቸው።

"እሺ" አሉት ቀስ ብለው። "እንግዲያስ አንተ እይልኝ። ምን ለብሷል?"

ስንት ጊዜ አይቶታል! ግንባሩ ላይ ያለውን ቀለም አይቷል፣ ጉንጩ ላይ ያለውን ጥላ አይቷል። ብርሃኑን ሲያይ ከረመ እንጂ ወንድሙን አላየውም። አሁን ጎንበስ ብሎ አየ። የሰውየው ፊት ሲለዋወጥ አያ ይመር አስተዋሉ።

"ሹራብ ነው እማዬ። የኔ ሹራብ። ስሄድ ጥዬው የሄድኩት።"

"አዎ። ክርኑ ሲቀደድ ጣለው ብለው እንቢ አለኝ። የወንድሜ ነው አለ። እኔ ነኝ የጠገንኩለት። ጥገናው ይታያል?"

"ይታያል" አለ። ያላለቀሰው ልቅሶ ሁሉ ያን ቀን መጣ።

ወገኖቼ፣ እናቱ ይቅር ብለውታል። ዓይናቸው ግን አልተመለሰም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መሸከም ይከብዳል፤ ለእኔም ይከብደኛል። ይቅርታ ያለፈውን ቀን መልሶ ያመጣል ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አያመጣም።

እናንተስ ምን እያሳመራችሁ ነው? ቤቱን ሠርታችሁ እስክትጨርሱ ሳትጠሯቸው ያቆያችኋቸው አባት አሉ? ሲመቻችሁ፣ ሲሞላላችሁ፣ ንግግሩን አሳምራችሁ ስታዘጋጁ ሄዳችሁ የምትታረቁት ወንድም አለ? ጸሎታችሁንስ ልባችሁ እስኪጠራ ብላችሁ አስቀምጣችሁታል? መቼ ነው የሚጠራው? የሚጠብቃችሁ ሰው ዓይን እስከዚያ ይቆያል ያላችሁ ማነው?

እናትየው ፀሐይ አልለመኑም። ደብዛዛውን አይተው ደስ ብሏቸው ነበር። የጎደላቸው አንድ የማይንቀጠቀጥ እጅ ብቻ ነው።

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ስትገቡ፣ "ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ብትሰሙ፣ መብራት አትምረጡ። ተቀመጡ። ባትሪውን ያዙለት።