በዓል የማያርፈው መድኃኒት ጠባቂ

ተረት ተረት!

፦ ጆሯችን ክፍት ነው፣ እማማ፣ ይምጣ!

በድሮ ዘመን ከበረሃው አፋፍ ላይ አንዲት መንደር ነበረች። ክረምቱ ሲወጣ ንዳድ ይገባባታል። ንዳድ ማለት ያ ሰውን እንደ ቅጠል የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት ነው። መድኃኒቱ ግን ነበረ። ከሩቅ ተራራ የሚለቀም መራራ ቅጠል ነው። ጎበዛዝቱ በየዓመቱ ይወጡና ይለቅሙታል። ከዚያም በአህያ ጭነው መንደሩ በጋራ በሠራው መድኃኒት ቤት ያኖሩታል። የታመመ ሁሉ ያለ ዋጋ ይጠጣል።

የቤቱ ጠባቂ አያ ልመንህ ይባላል። ቅጠሉን የሚረከበው እሱ ነው። የሚወቅጠው እሱ ነው። የሚሰፍረው እሱ፣ የሚሰጠውም እሱ። ቁልፉ ካንገቱ አይወርድም። የዚያ አገር ሰው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። መድኃኒት የሰው ዓይን ካረፈበት ይረክሳል ይላል። ስለዚህ ማንም ገብቶ አያይም። እስቲ አስቡት! አንድ ሰው ብቻውን፣ በዝግ ቤት፣ የሁሉን ነፍስ ይዞ!

አያ ልመንህ አያርፍም። ሰንበት የለው፣ ጥምቀት የለው፣ ሠርግ የለው። እሱን ራሱን ቢያተኩሰው እንኳ በምርኩዝ እየተንገዳገደ መጥቶ ራሱ ይከፍታል። ሰውም፦ «እንዲህ ያለ ታታሪ ከየት ይገኛል!» እያለ ይመርቀዋል። ተዉት እንጂ! ምርቃቱ ነው ያጠፋቸው።

ውሎ አድሮ በሽተኛው ይሞት ጀመር። ሰው ሲሞት አያ ልመንህ ከንፈሩን ይመጥና፦ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጡት? ዘገያችሁ እኮ!» ይላል። ክፋቱን አያችሁ? ራሱ ገድሎ ጥፋቱን ለአልቃሹ ያሸክማል!

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ በዚሁ ንዳድ ሞተ። እሷም ዘገየሽ ተባለች። ዓመቱን ሙሉ ራሷን ስትረግም ከረመች። ከዚያም ልጇ እማዋይሽ ታመመች። አሁንስ አልዘገየችም። ልጅቷ ገና መንቀጥቀጥ ስትጀምር አዝላት ሮጠች። አያ ልመንህ በሩን ገርበብ አድርጎ ዋንጫ አቀበላት። ልጅቷም ጥርግ አድርጋ ጠጣችው። ፊቷን እንኳ አላኮማተረችም።

አንጓች ደነገጠች።

፦ አያ ልመንህ፣ ይህ ነገር መራራ አልነበረም እንዴ? እኔ ልጅ ሳለሁ ተይዤ ነበር የምጋተው።

፦ ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ቅጠሉ ለዘብ ብሏል። አንቺ ደግሞ ጥያቄ አታብዢ፣ ታረክሺብኛለሽ።

ልጅቷ ባሰባት። አንጓች የመንደሩ ሽማግሌ ወደሆኑት ወደ አባ ይመኑ ሄደች።

፦ አባ፣ ይህ ሰው የሚያጠጣን ቅጠሉን አይደለም።

፦ ወግጂ! በዓል እንኳ የማያርፈውን ሰው?

፦ እኮ! ለምን አያርፍም?

አባ ይመኑ ጢማቸውን ዳበሱ።

፦ ይኸ… ስለሚወደን ነዋ።

፦ እንግዲያው እኛም እንውደደው። ለልጅዎ ሚስት ልትጠይቁ ነገ ወንዝ ማዶ ትሻገሩ የለ? የሽማግሌዎቹ አለቃ እሱ ይሁን።

አባ ይመኑን ደስ አላቸው። በዚያ አገር የሽምግልና አለቃ ሁን የተባለ ሰው እምቢ ካለ፣ የሁለት ቤት ጠብ ይነሣል። በማግስቱ በሰው ሁሉ ፊት አዲስ ጋቢ ደረቡለት።

፦ በቅሎዋ ተጭናለች፣ ውጣ! አሉት።

፦ ኧረ እኔ… በሽተኛውን ለማን ጥዬ?

፦ ለኛ! አለች አንጓች። ቁልፉን ወዲህ በል፣ አያ ልመንህ። ደክመሃል፣ እረፍ።

፦ ቁልፉን ይዤው እሄዳለሁ።

፦ ሰው ቢታመምስ?

፦ ይጠብቀኛ!

፦ ቀደም ብላችሁ አምጡ ትል የለ? ዛሬ ደግሞ ጠብቁ ሆነ?

ሰው ሳቀ። አያ ልመንህን ላብ አጠመቀው።

፦ የሰው ዓይን ያረክሰዋል እኮ!

፦ ዓይናችንን ጨፍነን እንሰፍራለን! አለው አንዱ ቀልደኛ።

ቁልፉን ካንገቱ አውልቆ ለአንጓች ሰጣትና በቅሎዋ ላይ ወጣ።

እሱ ሄደና እነሱ ከፈቱ። እንስራዎቹን ገለበጡ። ከላይ ከላይ አንድ እፍኝ ቅጠል። ከሥር የተወቀጠ ጭድ! እውነተኛው ቅጠልስ? ከጓዳ በአቅማዳ ታስሮ፣ ለሲራራ ነጋዴ ተዘጋጅቶ ተደርድሯል። የድሃ ልጅ ጭድ እየጠጣ ይሙት፣ ቅጠሉ በግመል ይሻገር! ቱ! እንዲህ ያለ ልብ!

አንጓች ለእንባ ጊዜ አልነበራትም። ቅጠሉን ወቀጠችና በጠበጠችው። እማዋይሽ ተፋችው። እንደገና ጋተቻት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጅቷን አላባትና ትኩሳቱ ለቀቃት።

አያ ልመንህ ሲመለስ መንደሩ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀው። አባ ይመኑ ግን እንዲህ አሉ፦

፦ ነገሩን እዚሁ እንቅበረው። ጎረቤት ከሰማ ስማችን ይጠፋል። ይካስና ይብቃ።

አንጓች ብድግ አለች።

፦ እስካሁን የቀበርነው አይበቃም፣ አባ? ባሌን ቀብሬያለሁ። ይህን አልቀብርም!

፦ ታዲያ ምን ይሁን ትያለሽ?

፦ ዘገያችሁ ባለበት ደጅ ሁሉ ይሂድ። «አልዘገያችሁም፣ የሰጠኋችሁ ጭድ ነበር» ይበል። በአፉ ይናገር።

ሄደ። በየደጁ ቆሞ ተናገረ። አንዳንዱ ድንጋይ አነሣበት። አንዳንዱም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ አለቀሰ። ከዚያም ከአገር አስወጡት።

ሰዉም ቁልፉን ለአንጓች አቀረበላት።

፦ አንቺን ነው የምናምነው፣ ያዢልን።

አንጓች እጇን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች።

፦ እኔን አትመኑኝ! ብቻዬን ከያዝኩት፣ ነገ እኔንም ታታሪ ትሉኛላችሁ። የሚረከበው ሌላ፣ የሚወቅጠው ሌላ፣ የሚሰጠው ሌላ ይሁን። ተራችሁ ሲደርስ ተቀያየሩ። በሩን ደግሞ ንቀሉልኝ፤ ማንም ገብቶ ይይ።

አባ ይመኑ ቀና ብለው ሳያዩዋት መጥረቢያቸውን አነሡና በሩን መጀመሪያ እሳቸው መቱት።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። አፌ ግን ደርቋል፤ ያን የቆሎ ሰፌድ ወዲህ አዙሩልኝ፣ ጠላውንም አትርሱ!