«አይቻለሁ» ያለው ገበሬ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ዕንቁባሕርይ፣ ይርዳው ሳቁን ገና ሳይጨርስ።

ይርዳው ከተማ ወጥቶ የተማረ የቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው ነው። ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ከሬዲዮ የሰማውን የዓለም ወሬ ያመጣላቸዋል። የዛሬው ወሬ የምርጫ ነበር። በአንዱ አገር «መጤ ይውጣልን» የሚል ሰው በጭብጨባ ሥልጣን ላይ ይወጣል፤ ባሕር ማዶ በሌላው አገር ደግሞ የእሱ ቢጤ ይነሣል፤ የተገባው ቃል ሳይፈጸም ቀርቶ እንኳ ብዙው ሰው ተመልሶ ያንኑ ይመርጣል። «የኔታ፣ መጀመሪያ መታለሉስ ይሁን። ነገሩ ውሸት መሆኑ ከታየ በኋላ ሰው እንዴት ደግሞ ይከተላል? ምን ዓይነት ጅሎች ቢሆኑ ነው?» ብሎ ጠየቀና ከት ብሎ ሳቀ። ከደጅ ሲገባም በዚሁ ነገር እየሳቀ ነበር። መምህሩ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። መሬቱ ከመስኖ ቦይ ጫፍ ላይ ነበረች። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ ይመጣና መጀመሪያ የላይኞቹን ማሳ ያጠጣል፣ ቀጥሎ የመካከሎቹን፣ ከሁሉ በኋላ የእሱን። ተራውን የሚያከፋፍል፣ አገሬው የሚመርጠው «የውሃ አባት» የሚባል ሹም አለ። በገበሬው አባት ዘመን ውሃው እስከ ጫፉ እየተንፎለፎለ ይደርስ ነበር። በእሱ ዘመን ግን ቀጠነ፤ በኋላማ ጭራሹን አፈር ማራስ አቃተው።

ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። ከላይ በኩል ያለ አንድ ባለጸጋ የቦዩን ዳርና ዳር ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። ዛፉ ውሃውን ይመጥጣል፤ ሥሩም የቦዩን ግድግዳ እየሰነጠቀ የቀረውን ሜዳ ላይ ያፈሰዋል። ገበሬው ይህን ቦዩን ተከትሎ ወጥቶ በዓይኑ አይቷል። አይቶም ለሽማግሌዎች አቤት አለ። «እናየዋለን» አሉት። ደግሞ ሄደ፤ «ታገሥ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል» አሉት። ሌላ ጊዜ ሲሄድ ባለጸጋው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ጠበቀው። ፊደል የቆጠረ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። «ወዳጄ፣ ጠንክሮ ለሚሠራ ይኸው ውሃ ይበቃ ነበር» አለው። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ነክሰው ፈገግ አሉ። ገበሬው ከዚያ በኋላ አቤት ማለቱን ተወ።

ከችግሩ ይልቅ የጎዳው እፍረቱ ነው። የማኅበሩ ተራ ደርሶበት ጠላ የሚጠመቅበት እህል አጣ። ምን ይበል? «ሚስቴ ታማለች» ብሎ ላከ። ማኅበርተኞቹም ደግ ሰዎች ናቸውና በሽተኛዋን ሊጠይቁ ምግብ ተሸክመው ከች አሉ። ሴትዮዋ ደጅ ላይ ፍልጥ እየፈለጠች ነበር። «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብለው፣ የያዙትን ምግብ አስቀምጠው ሄዱ። ገበሬው ጓዳ ተደብቆ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

በዚህ መካከል አንድ ባለ ወፍጮ ተነሣ። የውሃ አባት ሆኖ መመረጥ ይፈልጋል፤ አፈ ቅቤም ነው። ወደ ገበሬው ቤት ሄደና መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ቆሎ ሳይንቅ ቆረጠመ፣ ስለ ከሳው በሬም ጠየቀው። ይህን ልብ በል፣ ይርዳው። ያን ሁሉ ዘመን ከዚያ መደብ ላይ ተቀምጦ ገበሬውን ያዳመጠ ሌላ ሰው አልነበረም። ጨዋታው ሲደራ ባለ ወፍጮው «ማሳህ የደረቀው አንተ ሰንፈህ አይደለም። ተዘርፈህ ነው» አለው። ገበሬው በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ቃሉ እስከዚህ ድረስ እውነት ነበር።

«ማን ነው የዘረፈኝ?» አለ ገበሬው።

«ከቆላ የመጡት ናቸዋ! እነሱ ሳይመጡ ውሃው መቼ ጎደለ?»

ድርቅ ያፈናቀላቸው ጥቂት ቤተ ሰቦች ከቆላ መጥተው ድንጋያማው ዳገት ላይ ሰፍረው ነበር። ከቦዩ የሚወስዱት በእንስራ የሚቀዱትን የመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። ገበሬው ይህንንም ያውቃል። ከእነሱ አንዱ ጎረቤቱ፣ ያውም የወንፈል ጓደኛው ነው፤ ዛሬ አንዱ ለሌላው ይሠራል፣ ነገ ያኛው መጥቶ ውለታውን ይመልሳል። ያን ሰሞን ገበሬው ለመጤው ድንጋይ ሲያጓጉዝና እርከን ሲክብ ውሎለት ነበር፤ መጤውም «ለገብስህ አጨዳ እመጣለሁ» ብሎታል። ገበሬው ይህን ሁሉ እያወቀ ባለ ወፍጮውን ሐሰት ነው አላለውም። ባለጸጋውን መክሰስ ያስፈራል፤ ሽማግሌዎቹም ስቀውበታል። መጤውን መክሰስ ግን ማንንም አያስቆጣም።

ባለ ወፍጮው ተመረጠና ወዲያው አውጫጭኝ አስቀመጠ። የአውጫጭኝ ወግ ታውቃለህ፤ ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ አገሬው ከዋርካ ሥር ይሰበሰብና እያንዳንዱ በየተራው «አይቻለሁ» ወይም «አላየሁም» ብሎ ይምላል። «ውሃውን ያለ ተራው ሲጠልፍ የታየ ማን ነው?» ተባለ። ሰው ሁሉ «አላየሁም» እያለ ተራው ገበሬው ዘንድ ደረሰ። ባለ ወፍጮው በፍቅር ዓይን ተመለከተው። ማኅበርተኞቹም ቀና ብለው አዩት፤ ሚስቱን ፍልጥ ስትፈልጥ ካገኟት ወዲህ እንዲህ አክብሮ ያየው አልነበረም። ገበሬው ተነሣና «አይቻለሁ። ከቆላ የመጡት ናቸው» ብሎ ማለ። ከእሱ ቀጥሎ ያሉትም «እኛም አይተናል» አሉ። ባለጸጋው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ስለ ባሕር ዛፉ ማንም አላነሣም፤ እሱስ ምን ብሎ ያንሣው!

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ውነት አይተሃል?» አለችው።

«አገር ያየውን እኔ አላይም?» ብሎ ጮኸባት።

መጤዎቹ እንዲወጡ ተፈረደ። በሚወጡበት ቀን ማለዳ ገበሬው ማጭዱን ይዞ ገብሱ ዘንድ ሲወርድ ጎረቤቱ ቀድሞት ደርሷል። ሚስቱና ልጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከማሳው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። እሱ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል።

«ምን ልታደርግ መጣህ?» አለው ገበሬው።

«ወንፈሌን ልመልስ ነዋ፣ አያ። የሰው ድካም ይዤ እንዴት አገር እለቃለሁ?»

አብረው ሲያጭዱ ዋሉ። ገብሱ ያሳዝናል፤ አጭር ነው፣ ዛላውም ባዶ ነው። መጤው አንድ እፍኝ ይዞ ቆም አለና «አያ፣ ውሃው እንዲህ ጠፍቶብህ ለምን አልነገርከኝም?» አለ። ገበሬው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። ምሳ ሲቀርብ መጤው በልቶ፣ ለልጆቹም ቆርሶ ሰጥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ቢቆጣ፣ ቢረግመው፣ ምግቡን እንኳ ቢገፋበት ለገበሬው በቀለለው ነበር። ነዶው ተከምሮ ሲያልቅ መጤው ማጭዱን ጠረገና «እንግዲህ የምንፈላለገው የለም። ደህና ሁን» አለ። ገበሬው «አትሂድ» ሊለው ፈልጎ ነበር። አላለውም።

መጤዎቹ ሄዱ፤ ውሃው ግን አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ዛፉ ገና እየወፈረ ነው። ገበሬው ባዶውን ቦይ ባየ ቁጥር ያ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ይታየዋል። በዓመቱ የመጤው መሬት ለሌላ ሊሰጥ ነው፣ አገሬውም ለዚያ ይሰበሰባል የሚል ወሬ መጣ። መጤው በአቅራቢያው ካለችው የገበያ ከተማ ሸክም እየተሸከመ እንደሚኖር ይታወቃል፤ መሬቱ ለሌላ ካልተሰጠ ተጠርቶ መመለስ ይችላል። ከተሰጠ ግን አለቀ። ገበሬው የሚለውን በልቡ እያጠና ወደ ዋርካው ወጣ፤ «ዋሽቻለሁ። ጎረቤቴ ይመለስልኝ። ውሃው የሚፈሰው ከባሕር ዛፉ ሥር ነው።» ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረበትም። ሰው ተሰብስቦ ሲያልቅ ተነሣ።

«ጎበዝ፣ አምና እኔ አይቻለሁ ብዬ የማልኩት ነገር...»

«አሁን ገና ገባህ!» ብሎ ባለጸጋው አቋረጠው። «ጅል መሆንህን እኮ እኔ ድሮም አውቃለሁ! ይኼ ሚስቴ ታማለች ያለው ሰውዬ አይደለም?»

ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ አውካካ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ማኅበርተኞቹ ሳቁ። የሚያሳዝነው ደግሞ ለመጤዎቹ በልባቸው አዝነው የነበሩትም አብረው መሳቃቸው ነው። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለ ወፍጮው። «ዝም በሉ!» ብሎ ተቆጣ። «በእኔ ወገን ላይ እንዲህ አይሳቅም! ንገረን አያ፣ ምን ልትል ነበር?»

ገበሬው የሚስቁትን አየ፣ ያልሳቀለትንም አየ። ፊቱ በእፍረት ቀልቷል። «ያየሁትን አይቻለሁ ልል ነው» አለና ተቀመጠ። መሬቱ ለሌላ ተሰጠ። ባለ ወፍጮውም «ታዲያ ዛሬም ውሃው የለም። ከመንደሩ ዳር ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው ለጭቃቸው የሚቀዱት ይባላል። ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ገበሬው ማንም ሳይቀድመው ተነሣ።

«አይቻለሁ» አለ።

መምህሩ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞሩ።

«የጠየቅኸኝ ይህን ነው ልጄ። ባለ ወፍጮው በየአገሩ አለ፤ ቋንቋውና ልብሱ ነው የሚለየው። ቦዩ የደረቀበት ሰውም በየአገሩ አለ፤ ፋብሪካው የተዘጋበት፣ ሰፈሩ የተረሳበት፣ አቤት ብሎ የተሳቀበት። ሐሰቱን አላቃልልለትም፤ በእሱ ቃል ሰው ከነልጆቹ ተሰዷል። ነገር ግን ጅል አይደለም። የሠራውን ከማናችንም በላይ እሱ ያውቀዋል። ደግሞ የሚከተለው ውሸቱን ስላላየ አይደለም፤ አይቷል፣ ግን ተሳስቻለሁ ሊል በተነሣ ቀን የጠበቀው ሳቅ ነው። ስለዚህ ከማይስቅበት ሰው ጋር ይቆያል፤ እፍረቱን ለመሸፈንም ሌላ ሰው ይከሳል። ያ ባለጸጋ ዛፉን መትከሉ በደል ነው። የባሰው በደሉ ግን ያ ሰው ሊመለስ ሲል መሳቁ ነው። መጤው ከነቤተ ሰቡ ተጠርቶ ይመለስ ነበር እኮ፤ የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።»

«አሁን እኔ ልጠይቅህ» አሉት መምህሩ ቀጥለው። «አንተ ዛሬ ከዚህ ደጅ ስትገባ ምን እያደረግህ ነበር የገባኸው?»

«እየሳቅሁ፣ የኔታ» አለ ይርዳው። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።